ያልተፈታው ፍራሽ

የከተማዋ ስም ይቅር። ከተራራ ሥር የተቀመጠች፣ መስጂዷ ከቤቶቿ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ፣ በሐሙስ ገበያዋ የሩቅ አገር ሰው የሚገናኝባት አሮጌ ከተማ ነበረች ማለት ይበቃል። ከመስጂዱ በር ወደ ገበያው በሚወርደው የድንጋይ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ከደጃፏ ነጭ ብናኝ አይጠፋም። እዚያች ሱቅ ውስጥ ሸህ አረቡ ፍራሽ ይሠሩ ነበር።

ሸህ የተባሉት በወጣትነታቸው ጥቂት ዓመት ኪታብ ስለተማሩና ኢማሙ በማይኖሩበት ቀን ጀማዓውን ስለሚያሰግዱ ነው። ዓሊም ነኝ ብለው አያውቁም። የሚያውቁት ጥጥ መንደፍ ነበር። ደጋኑን በግራ እጃቸው ይዘው ጅማቱን በእንጨት መምቻ ይመታሉ። ጅማቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የተቋጠረው ጥጥ ይፈታል፣ ይነፋል፣ ይቆለላል። ከዚያ አቡጀዴ ውስጥ ይሞሉታል፤ ዳር ዳሩን በረጅም መርፌ ሰፍተው መሐል መሐሉን በሲባጎ ይቋጥራሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ሲሠሩ ኖረው ቀኝ ትከሻቸው ተበላሸ። ለሶላት እጃቸውን ሲያነሱ ቀኙ ከግራው ዝቅ ብሎ ይቀር ነበር።

በመኝታ ነገር ጥብቅ ነበሩ። ለሱብሒ ሲነሱ መጀመሪያ ምንጣፋቸውን ያጥፋሉ። ሲጋደሙ ደግሞ በልብሳቸው ጫፍ ያራግፉታል፤ ሰው ከተነሳ በኋላ መኝታው ላይ ምን እንደመጣ አያውቅምና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያራግፍ አዘዋል እያሉ ለገዢ ሁሉ ይነግራሉ። ለሙሽራ ፍራሽ ሲያስረክቡ ምክራቸው አይለወጥም። «በየሳምንቱ ፀሐይ አሳዪው። ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሪው። አልጋሽን ሳታነጥፊ ከቤት አትውጪ።» ከዚህ በላይ አይናገሩም።

አብሯቸው የሚሠራው የልጃቸው ባል ሙሄ ነበር። እጁም ምላሱም ፈጣን የሆነ፣ ሥራ የማይፈራ ሰው ነው። አማቹን ይወዳቸዋል፤ ዝምታቸው ግን ያናድደዋል።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ሰባት ቀን ሲያልፈው ዘመድ ፍራሹን አውጥቶ ለነዳፊ ይሰጣል። ሁለት ሰው ለዓመታት የተኛበት ፍራሽ ሁለት ጎድጓዳ ይኖረዋል። ሚስቲቱ ከባዶው ጎድጓዳ አጠገብ እንዳትተኛ ነው ነገሩ። ጥጡ ይፈታል፣ ይነደፋል፣ ደልዳላ ሆኖ ይመለሳል። ሸሪዓ ያዘዘው አይደለም፤ ለማጽናናት ተብሎ የመጣ ነው። ሚስቲቱን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

አንድ ዓመት የረጀብ ወር ሊገባ ሲል አደም የሚባል የጨው ነጋዴ ከቆላ ይዞት በመጣው ወባ ሞተ። ሚስቱ ሩቅያ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረው፣ ከብዙ ጥበቃ በኋላ የወለዷት ሴት ልጅ ገና ሦስት ወሯ ነበር። ሰባቱ ቀን ሲያልፍ ወንድሟ ይመር ፍራሹን በትከሻው ተሸክሞ ለሸህ አረቡ አመጣላቸው። ሸህ አረቡ ፈቱት። በአንድ በኩል ጥጡ እንደ ጭቃ ጠጥሮ ነበር። ነደፉት፣ ሰፉት፣ «አላህ ይዘንለት» ብለው መለሱት።

በአራተኛው ቀን ይመር ፍራሹን ተሸክሞ ተመልሶ መጣ።

«ሸህዬ፣ እህቴ አልተኛሁም ትላለች።»

«ፍራሹ ምን አደረጋት?» አለ ሙሄ።

«በግድግዳው በኩል ከፍ ብሏል ትላለች።»

«ታዲያ ከግድግዳው ጋር አትመክርም?»

«ዝም በል ሙሄ» አሉ ሸህ አረቡ። «አስቀምጠው ልጄ።»

የሰፉት ሲመለስባቸው ዋጋ አይጠይቁም ነበር። ያን ፍራሽ ፈተው እንደገና ሠሩት። ጊዜው ግን የሠርግ ጊዜ ነው። ከረመዷን በፊት ልጁን የሚድር ሁሉ ፍራሽ ያዝዛል። ሱቋ ውስጥ መቀመጫ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ይመር አሁንም መጣ። ፍራሹን ደፉ ላይ ጥሎ ላቡን ጠረገ።

«አሁን ደግሞ ጠነከረ ትላለች። ሸህዬ፣ እኔስ ምን ልሁን? ገበያው መሐል ሰው ሁሉ ‹ይመር፣ ሚስትህ ዛሬም አስወጣችህ?› እያለ ይስቅብኛል።»

ሙሄ ሳቀ። ሸህ አረቡ አልሳቁም። በማግስቱ ፈቱት፣ ነደፉት፣ ጥጡን አላልተው ሞሉት።

ለሦስተኛ ጊዜ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ይመር ባዶ እጁን ነበር። ቀልዱም አብሮት አልነበረም።

«ወተቷ እየሸሸ ነው» አለ። «እንቅልፍ ያጣች ሴት ወተት ከየት ታመጣለች? ልጅቷ ስትጠባ ትቆይና ታለቅሳለች። እስቲ ቤት ድረስ መጥተው አልጋውን ይዩት።»

ሸህ አረቡ ከዙህር ሶላት በኋላ ሄዱ። ሩቅያ ዒዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ ላይ ስለሆነች ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣ አናገረቻቸው፤ ይመርም አብሯቸው ነበር።

«አልጋሽን እንዴት ነው የምታነጥፊው?» አሏት።

«እንደ ድሮው።»

«ድሮ እንዴት ነበር?»

«እኔ በግድግዳ በኩል፣ እሱ በበር በኩል። መንገድ ሲሄድም የእሱን ቦታ አነጥፈው ነበር። እጄን ስሰድ የተኛበት ጎድጓዳ አለ፤ ጎድጓዳው ካለ ይመለሳል እላለሁ፣ እተኛለሁ። አሁን ስዳብስ ሜዳ ሆነብኝ።»

ሸህ አረቡ ገባቸው። የምትፈልገው ጎድጓዳውን ነው። እሱን ደግሞ የሚሰፋ መርፌ የለም። አንድ ሰው በአሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ የሠራውን ነገር እሳቸው በአንድ ቀን በደጋን አፍርሰውታል፤ መልሰው ሊሠሩት አይችሉም። ይህን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ሕፃኗ አለቀሰች። ያን ልቅሶ ሰምተው አልችልም ማለት አቃታቸው።

«ፍራሹ ይምጣ» አሉ። «አንድ ጊዜ ደግሞ እነድፈዋለሁ።»

ፍራሹ የመጣ ቀን ሱቋ ውስጥ ለሦስት ሙሽሮች የሚሆን ጥጥ ተቆልሎ ነበር። ሸህ አረቡ ከረፋድ እስከ ዐስር ሶላት ሰዓት ቆመው ነደፉ። ክንዳቸው መምቻውን ማንሳት ሲያቅተው በጉልበታቸው ደግፈው መቱ። ለዐስር ሶላት ሱጁድ ወርደው በቀኝ እጃቸው መነሳት አልቻሉም፤ በግራው ተነሱ። ሲመለሱ የሩቅያ ፍራሽ ከጥግ ተደግፎ አዩት።

«ይተዉት» አለ ሙሄ። «አንድ ቀን ፀሐይ ይምታውና እንዳለ ይሂድ። ሴትዮዋን ያመማት ጥጡ አይደለም።»

«የተቀበልኩት ልነድፈው ነው።»

«በየትኛው ትከሻዎ?»

«ነገ» ብለው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ነገ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ሙሽራ አባት መጣ፤ የሁለተኛዋም ተከተለው። ይመር ከኋላቸው ቆሞ ተራውን ጠበቀና፦

«ነደፉት ሸህዬ?» አለ።

ሸህ አረቡ መርፌውን ከአቡጀዴው ሳይነቅሉ፣ ቀና ሳይሉ፦

«ውሰደው ልጄ» አሉ።

ይመር ወሰደው። ሙሄ አማቹን በዐይኑ ሰርቆ አያቸው። ሸህ አረቡ መስፋታቸውን ቀጠሉ። በልባቸው ግን ነድፌዋለሁ አላልኩም፣ ውሰደው ብቻ ነው ያልኩት እያሉ ነበር።

ሩቅያ ተኛች። በማግስቱም ተኛች። በሦስተኛው ቀን ይመር እየሮጠ መጣና የሸህ አረቡን እጅ ስሞ «ወተቱ ተመለሰ!» አለ። አንድ ቅል ማርም ይዞ ነበር። ሸህ አረቡ ማሩን አልቀበልም ሲሉ ሙሄ ተቀበለው።

ወሬው ከዚያ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ሲነድፉት ያልሆነው በአራተኛው የሆነው ዱዓ አድርገውበት ነው ተባለ። የለም፣ ሲነድፉ የቁርኣኑን ያሲን ቀርተውበት ነው አለ ሌላው። እጃቸው ያስተኛል ተባለ። እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ይመጣ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከሁለት ቀን መንገድ መጣና «አይንደፉት፣ አይሰፉት፤ እጅዎን ብቻ ያሳርፉበት» አላቸው። ሙሄ ሁለተኛ ደጋን ገዛ። የጎረቤቱን ሱቅ ለመጨመርም ይነጋገር ጀመር።

ሸህ አረቡ ለሚመጣው ሁሉ «እኔ ጥጥ ነዳፊ ነኝ» ይላሉ። ሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ «እንዴት ያለ ትሕትና ነው» ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅ ያዘለች ሴት ወደ ሱቋ መጣች። በልጁ አንገት ላይ አዲስ የቆዳ ክታብ፣ ሒርዝ የሚሉት፣ ታስሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሸህ አረቡ።

«የእጅዎ ጥጥ ነው። ከደጅዎ ጠርጌ ወሰድኩ። ከታሰረለት ወዲህ አይነቃብኝም።»

«አስተግፊሩላህ» ብለው አላህ ይቅር እንዲላቸው ለመኑ።

ሴትዮዋ ዱዓ ያደረጉላት መስሏት እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች።

ያን ዕለት ኢማሙ ስላልነበሩ ዙህርን ያሰገዱት ሸህ አረቡ ነበሩ። በሦስተኛው ረከዓ ላይ ሰላም ብለው ሶላቱን ሊጨርሱ ሲሉ ከኋላቸው «ሱብሓነላህ» ተባለ። ነቁ፤ ቆመው አራተኛውን ሰገዱ። ሲጨርሱ ወደ ሰው ሳይዞሩ ብዙ ተቀመጡ። ሱቅ ሲመለሱ ለሙሄ ነገሩት።

«ለሩቅያ ልነግራት ነው።»

ሙሄ መርፌውን አስቀመጠ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«አባባ፣ ይስሙኝ። ቢነግሯት መተኛቷን ትተዋለች። ወተቷ ይደርቃል። ጨቅላ አለች ቤት ውስጥ። እርስዎ አማናዬን፣ አደራዬን መለስኩ ብለው ሲገላገሉ የሚራበው ያ ሕፃን ነው። የቱ ነው የሚከብደው?»

ሸህ አረቡ ብናኙን ከጉልበታቸው አራገፉ። ይህን እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡት ነበር።

«ሰውን ለማስታረቅ ሲባል እኮ የተፈቀደ ውሸት አለ» አለ ሙሄ።

«እሱ የተጣላን ለሚያስታርቅ ነው። እኔ ማንን አስታረቅኩ? ራሴን ከትከሻዬ ጋር።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷን አላህ ያውቃታል። ሰው በአንገቱ የእኔን ሐሰት አስሮ ሲሄድ አይቻለሁ። ይህ የት እንደሚቆም አላውቅም። የት እንደጀመረ ግን አውቃለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደጋናቸውን በግራ ትከሻቸው አንጠልጥለው፣ መርፌና ሲባጎ ይዘው ወጡ። ማሩም ሳይከፈት ተቀምጦ ስለነበር ይዘውት ሄዱ። መንገዱ አጭር ነው፤ ለሳቸው ግን ረዘመ። ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ሁለተኛው ላይ ለመመለስ አስበው ነበር።

ይመር ደጅ ላይ አገኛቸው። «ማን ጠራዎት ሸህዬ? ፍራሹ እኮ ደህና ነው።»

«ማንም አልጠራኝም።»

ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ። ከመጋረጃው ኋላ ሩቅያ ሰላምታ አቀረበች፤ ድምፅዋ የሻከረ ነበር።

«ሩቅያ ልጄ» አሉ፣ «በአራተኛው ጊዜ ፍራሽሽን አልፈታሁትም። አንድ ክር አልነካሁም። እኔ ጋ አድሮ እንዳለ ነው የተመለሰልሽ። ይመር ነደፉት ወይ ሲለኝ ውሰደው አልኩት። አልዋሸሁም ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ይመር አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እንዳለ?» አለች ሩቅያ።

«እንዳለ።»

«እኔ ታዲያ በምን ተኛሁ?»

«አላህ ያውቃል። በእኔ እጅ ግን አይደለም።»

ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ሳቅ መስሏቸው ነበር፤ ልቅሶ ነው።

«አራት ቀን ነው የተኛሁት» አለች። «አራት ቀን ብቻ። ከዚያ ወዲህ ዐይኔ አልተከደነም።»

«ምን?» አለ ይመር። «ለእኔ በየቀኑ ተኛሁ ትዪኝ አልነበር እንዴ?»

«ምን ልበልህ? አገሩ ሁሉ በሸሁ እጅ ተኛች ይላል። ሴቶቹ ተሻለሽ ብለው ከእኔ ዘንድ መምጣት ተዉ። በእሳቸው እጅ ስንቱ ሲተኛ እኔ ብቻ ካልተኛሁ ምን ያህል ወንጀል ቢኖርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አደምን ያስቀየምኩበትን ቀን ሁሉ ስቆጥር ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ለመንገዱ ስንቅ ሳልቋጥርለት ቀርቼ ነበር። እሱ ይሆን እላለሁ።»

«ወተቱስ?» አሉ ሸህ አረቡ ቀስ ብለው።

«ከሄደ ሰነበተ። በፍየል ወተት ነው የማታልላት።»

ሸህ አረቡ ደጋናቸውን ተደገፉት። እንቅልፏን ልወስድባት ነው ብለው እየፈሩ ነበር የመጡት። የሚወሰድ እንቅልፍ አልነበረም። የወሰዱባት ሌላ ነገር ነው። አልተኛሁም ብላ የምታማርርበትን አፍ ነው የወሰዱባት፤ አጠገቧ ይቀመጡ የነበሩትን ሴቶችም።

«ወንጀሉ የእኔ ነው ልጄ» አሉ። «ያንቺ አይደለም።»

«በአላህ?»

«ወላሂ የእኔ ነው።»

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ «እንግዲያው ይፍቱት» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር። ሸህ አረቡ ቁጣውን ሲሰሙ ትንሽ ቀለላቸው።

ፍራሹን ግቢ አውጥተው ፈቱት። ቀኑን ሙሉ ነደፉ። ይመር ላግዝዎት ቢላቸው «ደጋን መያዝ አታውቅም» አሉት። ሩቅያ ሕፃኗን አዝላ፣ ተከናንባ ወጣችና ከክምሩ ማዶ ተቀምጣ የተቋጠረውን በጣቷ ታላላ ጀመር።

«በእሱ በኩል የነበረው ጥጥ የቱ ነው?» አለቻቸው።

አንዱን ክምር ቢያሳዩዋት ታምናቸው ነበር። ትንሽ ከዚያ ወስዳ ለልጇ ትራስ ታደርገውም ነበር። ደጋኑን አቆሙ።

«የለም» አሉ። «መጀመሪያ ስነድፈው ተደባልቋል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። ያን ጎድጓዳ መልሼ መሥራት አልችልም። ቤትሽ የመጣሁ ቀን አውቀው ነበር፤ አልነገርኩሽም።»

ሩቅያ በእጇ ያለውን ጥጥ አየችው። ከዚያ ወደ ክምሩ መለሰችው። «ይቀጥሉ» አለች።

ይመር በዚህ መሐል ወጥቶ ነበር። ዘይነባ የምትባለውን፣ ከሩቅያ ጋር ግድግዳ የምትጋራውን ጎረቤት ይዞ መጣ። ዘይነባ ራሷ የስድስት ወር ሕፃን ታጠባለች፤ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች።

«ቂል ነሽ እንዴ አንቺ?» ብላ ጮኸች ከበሩ ጀምሮ። «እኔ እኮ ተኝታለች አትቀስቅሷት እያልኩ ሰው ስመልስ ነው የከረምኩት! ግድግዳውን ብትደበድቢው አልሰማም ነበር? አምጪ እስቲ ያቺን ልጅ። ወይኔ፣ ተመልከቱ እንዴት እንደቀለለች!»

እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጣ አጠባቻት። ሕፃኗ ከጠገበች በኋላም ጡቷን አልለቅም አለች። ሩቅያ ይህን ስታይ ፊቷን አዞረች። ሸህ አረቡ በሸሪዓችን መሠረት ጡት ያገናኛቸው ልጆች እንደሚዛመዱ ለሁለቱም ነገሩ፤ የዘይነባ ባል እንዲጠየቅም አሉ። ባልየው ተጠይቆ ፈቀደ። ዘይነባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን ይዛ እየመጣች ከሩቅያ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ በበር በኩል ትተኛ ነበር፤ ዒዳው እስኪያልቅ ድረስ። ታንኮራፋ ነበር ይባላል። ሩቅያ ወዲያው ተኛች የሚል የለም። ቀስ በቀስ ነው የተኛችው፤ አንድ ቀን ጥቂት፣ አንድ ቀን ከዚያ ትንሽ ይበልጥ። ሕፃኗ ግን አልተራበችም።

ሸህ አረቡ የመጨረሻውን ሲባጎ ቋጥረው ሲነሱ ቀኝ ክንዳቸው ጨርሶ አልታዘዝ አላቸው። ደጋናቸውን ይመር ተሸክሞ ሸኛቸው። ማሩን ደጃፉ ላይ ትተውት ሄዱ።

በቀጣዩ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ተነስተው የሆነውን ለጀማዓው ተናገሩ። አላሳጠሩትም፣ አላስዋቡትም። ሲጨርሱ ከፊተኛው ረድፍ አንድ አዛውንት ፊታቸው በርቶ «የአላህ ወዳጅ የሆነ ወሊ መች ወሊ ነኝ ብሎ ያውቃል!» አሉ። ከኋላ የሚያጉረመርም፣ የሚስማማ ድምፅ ተሰማ።

«ወንድሜ» አሉ ሸህ አረቡ ደክሟቸው፣ «ወሊ አይደለሁም። ትከሻዬን አሞኝ ሳልሠራው የቀረሁ ነዳፊ ነኝ።»

አንዳንዱ አመነ። አንዳንዱ ቅር ተሰኝቶ ወጣ። ሒርዙን ያሰረችውን ሴት ቤቷ ድረስ ሄደው ለመኗት። «ለልጄ በጀው፤ እርስዎ ምን ቸገረዎት?» ብላ አልፈታም አለች። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አልፈታችም። ያ ብናኝ ከደጃቸው የወጣ ነው፤ መልሰው ሊሰበስቡት አልቻሉም።

ሥራው ቀነሰ። ለከራማው፣ ለእጃቸው በረከት፣ ይመጣ የነበረው ቀረ። ከሙሽሮቹም አንዳንዶቹ «ሳይሠሩ ሠራሁ ካሉ የኛስ ውስጡ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን?» ብለው ገበያው ግርጌ ወዳለው ፍራሽ ሰፊ ሄዱ። እውነት አላቸው። ሸህ አረቡ ከዚያ ወዲህ የማንንም ፍራሽ ባለቤቱ ሳይመጣ ጨርሰው አልሰፉም። አንዱን ጎን ክፍት ይተውታል፤ ባለቤቱ መጥቶ እጁን ክንዱ ድረስ ከትቶ ጥጡን ይዳብሳል፤ የመጨረሻው ስፌት ዐይኑ እያየ ይሰፋል። ሙሄ ሁለተኛውን ደጋን ሸጠው። ቅር ብሎት ነበር፤ አልተለያቸውም ግን።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ፣ ሱቋ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆነው፣ ሙሄ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ጀማዓው ፊት ሲቆሙ ደክሞኝ ነበር፣ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነበር ብለው ቢጀምሩ ሰው ያዝንልዎት ነበር። እውነትም ደክሞዎት ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ። ለምን እሱን በመጨረሻ፣ ያውም በአንድ ቃል?»

ሸህ አረቡ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ደክሞኝ ነበር» አሉ። «ይመር የጠየቀኝ ግን ደከመህ ወይ ብሎ አይደለም።»

ሌላ አልጨመሩም። ተነስተው ለመግሪብ ውዱእ አደረጉ።

ከዚህ በላይ እኛም ባንጨምር ጥሩ ነበር። ነገር ግን ድካም የሁላችንም ስለሆነ ጥቂት ልበል። ድካም ወንጀል አይደለም። አላህ ሥጋችንን የሚደክም አድርጎ ነው የፈጠረው፤ እንቅልፍንም ለዚህ ሰጠን። ክፉ ሰው ሲዋሽ አስቦ ነው። ደህና ሰው ግን ሲደክመው ይዋሻል፤ ለዚያውም ብዙ ጊዜ ሳይናገር። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ሰው በሬዎቹን አጠጣሃቸው ወይ ሲባል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ነገ አጠጣቸዋለሁ ይላል በልቡ። በሬው ግን የሰውየውን ልብ አያውቅም፤ ተጠምቶ ያድራል። የጠየቀው ሰውም ጠጥተዋል ብሎ ይተኛል፤ ተነስቶ አያጠጣቸውም። የድካም ውሸት ክፋቱ ይህ ነው። ሥራውን አለመሥራቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳይሠራውም ያደርጋል። ሩቅያን ከዘይነባ የሚለያት ግድግዳ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣችው ተኝታለች ስለተባለ ነው።

ሸህ አረቡ ያን ጠዋት «ገና አልነደፍኩትም» ቢሉ ይመር ያጉረመርም ነበር፤ ፍራሹም ሌላ ቀን ይውል ነበር። ከዚህ የበለጠ ነገር አይመጣም ነበር። ሁለት ቃል ናቸው። ለመናገር ትከሻ አይጠይቁም።

አላህ በደከመን ሰዓት ሁለቱን ቃል የምንናገርበት ትንፋሽ አያሳጣን። አሚን።